ለእህቴ ያልነገርኳት ግማሽ ዙር

ጥቅምት 4

ቢሮው ዛሬም ብርድ ነው። ቀኑን ሙሉ የጥንድ ኮከቡን ብርሃን ስተነትን ዋልኩ። አንዱ ኮከብ አይታይም፤ የሚታየውን ጓደኛውን ጋዝ ግን ይስብበታል። ጋዙ ከመውደቁ በፊት እንደ ሳህን ይሽከረከራል። ግማሹ ወደኛ ሲመጣ፣ ግማሹ ከኛ ሲርቅ፣ በብርሃኑ ግራፍ ላይ የሃይድሮጅኑ ቀይ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ቀንድ ያወጣል።

ይህን ኮከብ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ታላቅ እህቴ በስሟ አቀረበችው፣ የክፍል ኃላፊ ሆነችበት። እኔ የሷ ረዳት። እማዬ ያኔ ምን አለች? «የእህትሽ ያንቺም አይደል?»... የኔ ከሆነ እኔ ጋ ለምን የለም?

ጥቅምት 11

እቴቴ ጠራችኝ። በወሩ መጨረሻ ለሚደረገው የሥነ ፈለክ ጉባኤ ያዘጋጀችውን አሳየችኝ። በቀንዶቹ መሀል ያለው ደማቅ ክፍል ከሚታየው ኮከብ በተቃራኒ ይወዛወዛል። ስለዚህ የሚከተለው የማይታየውን ነው፤ ክብደቱ ሲሰላ ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ነው ትላለች።

«ሚጢ፣ ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ የለም። እስቲ እይልኝ።»

ጥቅምት 12

አገኘሁት! የዙሩን ሰዓት፣ ኮከቦቹ አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባቸውን፣ ከድሮ ልኬት ወስዳለች። ትንሿ ስህተት በየዙሩ ተጠራቅማ ግማሽ ዙር ሆናለች። ሲስተካከል ደማቁ ክፍል ከሚታየው ኮከብ ጋር አብሮ ይሄዳል። ብርሃኑ ከራሱ፣ ከጋለው ፊቱ የሚመጣ ነው። የክብደቱ ስሌት ይፈርሳል፤ ጥቁር ጉድጓድ የለም።

«ጥሩ ነው፣ እንዳለ አቅርቢው» አልኳት። አቀፈችኝ።

ትቅመሳት።

ጥቅምት 19

እማዬ ደወለች። እህትሽ እንቅልፍ አጥታለች፣ አግዣት አለችኝ። አየሁላት እኮ አልኩ... ውሸት ነው? ስንጣላ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለን ነበር። እኔ መች ጸለይኩ?

ጥቅምት 26

ጉባኤው። ፊቷ በደንብ የሚታይበት ቦታ መርጬ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ሁለት ስም። የኔ ቀድሞ። «ኮከቡን ያገኘችው ታናሽ እህቴ ናት። በስሜ ማቅረቤ ስርቆት ነበር» አለች፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት።

ልነሳ? ምን ብዬ?... አልተነሳሁም።

ስትጨርስ ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጃቸውን አወጡ። የዙሩ ሰዓት መቼ እንደተለካ ጠየቁ። ነገረቻቸው። ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረጉና በግማሽ ዙር መሳቷን በትህትና አስረዷት። በዓይኗ ፈለገችኝ። ወለሉን አየሁ።

ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ከወሰድኩብሽ ጀምሮ ፊትሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነው የኖርኩት። አንቺ ግን አቅፌሽ እንኳ...»

ኅዳር 9

እማዬ ስልክ አታነሳም። ልጸጸት እሞክራለሁ። ሽማግሌው ሲያስረዷት የነበራት ፊት ትዝ ሲለኝ ግን... ደስ ይለኛል። አሁንም። ወዲያው ደግሞ ስሜ ይመጣብኛል፣ ከሷ ስም በላይ ተጽፎ።

ዛሬ ስብሰባ ነበር። የሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ ባሉበት እቴቴ ወደኔ ዞራ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ አክብሮት መሰለው።