አጥር ማዶ ያለው ጆሮ ማዳመጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም። ደረቅ ብርድ፤ ነፋስ የለም። ልጄ ብርቱካን ከቡሬ መጥታለች። ባለቤቴን የገነዙት አለቃ ደምሴም ሊጠይቁን ገብተው ነበር።

ታብሌቱ ዛሬም ሳልነካው ባትሪው አለቀ። ቻርጅ አድርጌ የሰኞውን ዳዊት ከፈትሁ፤ ድምፅ የለም። ባለቤቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ በየማለዳው የሚሰማው ይህን ነበር።

ብርቱካን አየችና ፈገግ አለች። «እማዬ፣ በከንቱ ታብሌቱን ትሰድቢዋለሽ። ብሉቱዙ እኮ አልጠፋም፤ ድምፁ ወደ አባባ ጆሮ ማዳመጫ እየሄደ ነው። ባትሪሽንም የሚጨርሰው እሱ ነው። የት አስቀመጥሽው?»

ቤቱን ሁሉ ፈተሽን። የለም።

አለቃ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያች ነጯ ነገር ናት? ስንገንዘው በጆሮው ነበረች። ሌላው ሰው ቀድሞ ያደረገው ጥጥ መስሎን አልነካናትም።»

መቃብሩ ከጓሮ አጥራችን ማዶ ነው። ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ያች ዕቃ ግን ያለ ቻርጅ አንድ ቀን እንኳ አትውልም ነበር። ስክሪኑ ላይ አሁንም «ተገናኝቷል» ይላል።

«ነገ ቡሬ ወስጄ አሠራዋለሁ፤ ሁሉን አጥፍተው እንደ አዲስ ይጭኑታል» አለች ብርቱካን። ድምፅዋ ተለውጧል። እሺ አልኋት።

ማክሰኞ ማለዳ። እሷ ሳትነሣ ታብሌቱን ይዤ ጓሮ ወረድሁ። የማክሰኞውን ዳዊት ከፈትሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርሁት፤ ለእኔ ምንም አይሰማም። አጥሩ ሥር አስደግፌው፣ ዳዊቱ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆምሁ።