ከኤሲው ጀርባ የፈካችው ፖፒ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀዲዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው እንደ ሰም ያቀለጠን። ካምፓችሁ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ ይህን የምጽፍልሽ ስንቅ የምታመጣላችሁ ትንሿ አውሮፕላን ታደርስልኛለች ብዬ ነው። ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ የአላስካ ተንድራ ላይ ተንበርክከሽ ፖፒ የምትያትን የበረዶ አገር አበባ ዘር ስትለቅሚ ይታየኛል። ጉልበትሽን ከእርጥበት ጠብቂ። በይ አሁን ወደ አበቦችሽ ልግባ፤ የምትጠብቂው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

የከፋውን ላስቀድም። አሌክሳንድሪያ፣ ሳቢራ ችግኝ ጣቢያ ያስቀመጥሻቸው ፖፒዎች አንድም ሳይቀሩ አለቁ። ሳቢራ ራሷ ኮል አድርጋ ነገረችኝ። "ጋሽ ገብረየስ፣ ቀኑንስ ችለውት ነበር። ሌሊቱም እንደ ቀን ሲግል ጊዜ ግን ወደቁ" አለችኝ፤ ድምጿ የመርዶ ነጋሪ ነበር። ሳቢራ ለዓመታት ቦታ ሰጥታሻለች፤ ዘንድሮ የሰመሩን ሙቀት አልፎ የሚያብብ አንድ እንኳ ካልተገኘ ግን ለከርሞ ቦታሽን ለሌላ ተክል ልትሰጥ ነው። እሷም ነጋዴ ናት፤ አልፈርድባትም።

ስለዚህ የቀረን ተስፋ እኛ ቤት የእንጨት በረንዳው፣ ዴኩ ላይ የተውሻቸው ብቻ ሆኑ። ስትሄጂ "ጠዋት ውሃ ስጧቸው፣ ጥላ አታድርጉላቸው፣ አትዘኑላቸው" ብለሽን ነበር። የዋሽንግተንን ሙቀት የሚችለው ካልተለየ የበረዶ አገር አበባ የማንም ጓሮ ሊገባ እንደማይችል ለእኔ ገብቶኛል። ለእናትሽ ግን አልገባትም፤ ልታስረጃትም አልቻልሽም። የፋርማሲ ትምህርትሽን ትተሽ ከሄድሽ ወዲህ ስለ ሥራሽ ሲነሣ ክፍሉን ለቅቃ ነው የምትወጣው። "ያ የአበባ ነገር" ካለችም ብዙ ተናገረች።

እኔም ነርስ መሆኗን ዘነጋሁ።

ያ የሰው ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሙቀት በገባ ሰሞን ከሥራ ስመለስ ዴኩ ባዶ ነው። ሌባ መስሎኝ ነበር። ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ስወርድ የአበባ ፖቶችሽ በሙሉ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ እናትሽ መሬት ላይ ተቀምጣ በየፖቱ ዙሪያ እርጥብ ፎጣ ትጠቀልላለች። የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"ውብዬ፣ ምን አደረግሽ?" አልኋት።

"አታይም እንዴ? ተቃጥለው ሊሞቱ ነው።"

"መቃጠል አለባቸው እኮ! የሚችለው እንዲለይ ብላ ነው ልጅቷ እዚያ የተወቻቸው።"

"ልጅን ፀሐይ ላይ ትቶ፣ የቻለውን ላሳድግ ማለት የት አገር ያየኸው ነው?"

ለዚህ መልስ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ካሁን በኋላ እነዚህ ቢድኑም እንደማይቆጠሩ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የዳነ ተክል ለሳቢራ ምንም እንደማይነግራት ነገርኋት። ፎጣው ከእጇ ወደቀ።

"ሥራዋን አበላሸሁባት?" አለችኝ።

ፀዲዬ፣ "ሥራዋን" ነው ያለችው። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ቀን ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፖፒ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም። እንዴት እንደምነግርሽም ጨንቆኝ ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። "ገብሬ፣ አሁኑኑ ና" ብላ ዘጋችው። ሰው የሞተ መስሎኝ መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ስደርስ እናትሽ ቆሻሻ ልትጥል በወጣችበት ከቤቱ ጀርባ ተንበርክካለች። ለካ ያን ዕለት ፖቶቹን ወደ ቤዝመንት ስታወርድ የሞቱ የመሰሏትን ጥቂቶቹን ከነፖታቸው ከውጭው የኤሲ ሞተር አጠገብ ወርውራቸው ኖሯል። ሞተሩ የቤታችንን ሙቀት ሁሉ የሚተፋው እዚያ ነው። እኛ ሌሎቹን ስናቀዘቅዝ እነሱ ላይ እሳት ስንተፋባቸው ነው የከረምነው! ሁሉም ደርቀዋል። አንዷ ብቻ፣ ከኤሲው ቱቦ ጠብ የምትለውን ውሃ እያገኘች፣ አዲስ ቅጠል አውጥታለች። ከመሐሏ አንዲት ቢጫ አበባ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቅጠሏን እንደ ወረቀት ነፋሱ ያርገበግበዋል።

"ላንሣት ወይስ ልተዋት?" አለችኝ እናትሽ በሹክሹክታ፣ ሕፃን የተኛ ይመስል። "አንተ ንገረኝ፤ እኔ ከእንግዲህ አልነካም።"

ለሳቢራ ብደውልላት "ዛሬውኑ አምጧት" አለች። እናትሽ ፖቷን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናው ውስጥ ገባች። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ ትራፊኩ ቆመ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እጄን ወደ ኤሲው ብልክ እናትሽ መታ አደረገችኝ።

"እንዳትከፍት! ይቆጠርባታል!"

በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ከምድጃ የሚወጣ ይመስል ነበር። የዊልሰንን ድልድይ ስንሻገር እኔ ልወድቅ ደርሼ ነበር፤ አበባሽ ግን ምንም አልመሰላት።

ሳቢራ መነጽሯን አድርጋ አገላበጠቻት፤ ያሰርሽባትን ቁጥር አነበበች፤ ሥሯን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ እናትሽን "እትዬ ውብነሽ፣ እርስዎ ነዎት ያሳደጓት?" አለቻት።

"እኔማ ጥያት ነበር" አለች እናትሽ። "ከበረዶ አገር ያመጣቻት ልጄ ናት። ፀደንያ ትባላለች። ሥራዋ አበባ ማራባት ነው።"

ይህን ስትል አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። እኔ ማዳበሪያ የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሳቢራ በባዶ ተስፋ አልሸኘችንም። "አንድ ተክል ገበያ አይሆንም" አለች። "ዘሯ ተዘርቶ ልጆቿም እንደ እናታቸው ሙቀት ከቻሉ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ ግን ለከርሞ ቦታዋ የተጠበቀ ነው።" ስለዚህ ሌላ ዓመት አግኝተሻል፤ አንዲት እናት ተክልም አለችሽ። ዘሯን መቼና እንዴት እንደምንለቅም ጽፈሽ ላኪልን። ለእኔ ሳይሆን ለእናትሽ ጻፊው፤ እኔን አታምነኝም። የአበባዋን ፎቶ ስልኳ ላይ አድርጋ ለሺፍት ጓደኞቿ ሁሉ አሳይታለች። የቤዝመንቶቹም በሕይወት አሉ፤ "አይቆጠሩም ብላችሁ አትጣሏቸው" ብላ ትለምንሻለች።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመስከረም ማለቂያ እዚያ ብርዱ ምን ያህል ነው? እናትሽ ትናንት ከሴቨን ኮርነርስ ገበያ ስትመለስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ኮት ገዝታ መጣች። "ለማን ነው?" ብላት "ዋጋው ወርዶ አግኝቼው ነው" አለችኝ። ሜሪላንድ ገና እየነደደ እኮ ነው! ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለብሳው መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት። እኔ አላየሁም፤ አንቺም አልሰማሽም።

የረገጥሽው ሜዳ ይለምልም፤ የዘራሽው ይብቀልልሽ፤ መድኃኔዓለም ከክፉ ነገር ሁሉ ይጋርድሽ።

ሁልጊዜ የሚወድሽ አባትሽ፣
ገብረየስ