በሁለተኛው እርምጃ የተሰጠችው ወታደር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው እንጂ እንደ ልማድህ ቆመህ እንዳትጨርሰው። ጉንፋኑ ለቀቀህ? እኔ ደህና ነኝ። የተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ወቅት ስለሆነ የሚያማርረው ወገቤ ብቻ ነው። ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ለአባባ የያዝክለትን የአረጋውያን ማረፊያ ክፍል ሰርዘው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ከታመመ ወዲህ አንደበቱ እንደተያዘ፣ ቀኝ እጁም እሺ እንዳላለው ታውቃለህ። ሐኪሙ «ድሮ የሚወደውን ነገር አቅርቡለት» ስላለን የቼዝ ሰሌዳውን ከቁም ሳጥን አውርጄ ደረደርኩለት። እኔ ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ከማወቅ አላልፍም፤ ጨዋታው የእናንተ የሁለታችሁ ነበር። በግራ እጁ ከንግሥቲቱ ፊት ያለችውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። እኔም ከፊቷ የራሴን ገተርኩ። ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከጎኗ ያለችውን ወታደር አንስቶ ዘው አድርጎ ወታደሬ አፍ ውስጥ ከተታት። ጠባቂ የላት፣ ምን የላት!

«አባባ፣ ይቺ እኮ ልትበላ ነው!» አልኩት።

በአገጩ ወደ ወታደሯ ጠቆመኝ፤ ብያት ማለቱ ነው። በላኋት። ጥቅሙንና ጉዳቱን የማይለይ ሰው ሆነ ብዬ ሰሌዳውን አነሳሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ዕለት ነው ደውዬ «አእምሮው ሄዷል» ያልኩህ። አንተም በሳምንቱ ደውለህ ክፍል ያዝኩ አልከኝ። አልፈርድብህም፣ ወሬውን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

እሑድ ዕለት ጋሼ መነጽር ሊጠይቁት መጡ። ማተሚያ ቤት አብረውት ፊደል ይለቅሙ የነበሩትን ማለቴ ነው። የሆነውን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል ጋሼ?»

«የንግሥት ጋምቢት የሚባለው የቼዝ አጀማመር እኮ ነው! በምሳ ሰዓት በዚህች ወታደር ስንቶቻችንን አቃጥሎናል መሰለሽ! በይ ደርድሪና ካቆማችሁበት ቀጥሉ።»

ቀጠልን። አባባ አንዲት ወታደር ገፍቶ ለጳጳሱ መንገድ ከፈተና የበላችበትን ወታደሬን በእሱ አነጣጠረባት። ሌላ ወታደር ገፍቼ ጠበቅኳት። ያቺን ደግሞ በዳር ወታደሩ ነካካት፤ እሷንም በሌላ ደገፍኩ። ተበላላን። ያን ጊዜ ንግሥቲቱን በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ አንቀሳቀሳት። ቀና ብዬ ሳይ፣ ራሴ በገፋኋቸው ወታደሮች መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ጥግ ላይ የቆመው ግንቤ ለንግሥቲቱ ተጋልጧል። ላድነው ብል ሌላ ትልቅ ጠጠር ይሄዳል።

«አዝኖልሽ የሰጠሽ መሰለሽ?» አሉኝ ጋሼ። «መሀሉን እንድትለቂለት ነው። ወሰድሽ፤ ይሁን፣ መውሰዱ ክፉ አይደለም። መልሼ አልሰጥም ብለሽ ሙጭጭ ማለትሽ ነው የጎዳሽ።»

አባባ በሚታዘዝለት የከንፈሩ ወገን ፈገግ አለ። ወንድሜ፣ እንዴት እንደኮራሁበት! ማንኪያ በወጉ መያዝ ያቃተው ሰው፣ እኔ የበላኋትን አንዲት ወታደር ስቆጥር እሱ ሰሌዳውን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር ያይ ነበር። ጨርቅ ሳይቆረጥ ልብስ እንደማይሆን እያወቅኩ መቀሱን በአባቴ እጅ ሳየው እብደት መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ክፍሉ ስንነጋገር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ አልጋው ጠርዝ አስቀምጬው ነበር። «ማን መሆናችንንም አያውቅ፤ የትም ቢሆን ለሱ አንድ ነው» ያልከውን፣ «ልክ ነህ» ያልኩህን፣ ሁሉንም ሰምቷል። ይቅርታ ጠየቅኩት። እጄን ጨበጥ አደረገና በዓይኑ ወደ ሰሌዳው ጠቆመኝ፤ ተራሽ ነው ማለቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ስፌት መኪናዬ ስሄድ ጠጠሮቹን ራሱ ደርድሮ አገኘሁት። የሁለቱንም ወገን የመጀመሪያ እርምጃ ገፍቶ ያቺን ወታደር አቅርቧታል። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ታዲያ ከማን ጋር ልትጫወት ነው?» አልኩት።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶህ ጠቆመ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። የማጥበው እኔ፣ የምመግበው እኔ! ኋላ ግን ገባኝ። ያን ሁሉ ከአንደበትህ ሰምቶ፣ ጨዋታ የጀመረው ካንተ ጋር ነው።

ሰሌዳውን አልነካሁትም። እሱም ከፊቱ ሊነሳ አልወደደም፤ ምሳውን እንኳ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የበላው። ትወስዳታለህ ወይስ ትተዋታለህ? ደውልና ለራሱ ንገረው። ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ።

ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ፣ የምትገባበት ደጅ ሁሉ ይቅናህ።

የምትወድህ እህትህ