ከዋርካው እስከ በሩ

ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 2014፣ ግራና

ዛሬ አጎቴ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ጠመንጃ አውሱኝ አልኳቸው። ስኳር ድንቻችንን የሚፈነቅለውን ከርከሮ ልገድልበት ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ክላሻቸው በጦርነቱ ተወስዷል፤ የቀራቸው በአፈሙዙ የሚጎርስ ሁለት አሮጌ ጠመንጃ ነው።

"ይሄ ውስጡ ልሙጥ ነው" አሉኝ። "ጠጠርም ምስማርም ይበላል፣ ቶሎም ይጎርሳል፤ ከሠላሳ እርምጃ በላይ ግን አትመነው። ያኛው ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። አረሩን በዘንግ ገፍተህ እስክታስገባ ላብህ ጠብ ይላል፤ መቶ እርምጃ ላይ ግን አይስትም። ከርከሮህ ከምን ያህል ርቀት ነው የሚታይህ?"

ሳላስበው "ከዋርካችን እስከ በሩ" አልኩ።

ከርከሮ በር የለውም። የማንን በር እንዳልኩ ገብቷቸዋል። ወንድሜ የተደበቀበትን ጎተራ ለታጣቂዎቹ አሳይቶ ያስገደለው ጎረቤታችን ነው። ትናንት መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ "አላህ ሰብሩን ይስጥህ" አለኝ። እኔም ጨበጥኩት። እስካሁን የሚያቃጥለኝ መጨበጤ ነው።

አጎቴ ባለ ቦዩን አንስተው ሰጡኝ።

"ልሙጡ ይበትናል፤ እዚያ ቤት ልጆች አሉ" አሉኝ ሳያዩኝ። "ይሄን እስክታጎርስ ደግሞ ልብህ ይመለስ ይሆናል።"

ቤት ገብቼ አጎረስኩት። እውነታቸውን ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። ልቤ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወጥቼ ከዋርካችን እስከ በሩ ለካሁት። ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው።