ተስካሬን የበላህ

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣

አያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ውርጩ ጠንክሯልና ማታ ማታ ጋቢ ደርበው ይተኙ። ከእሁድ ወዲህ እንቅልፍዎ እንደተመለሰ፣ እህልም እንደሚቀምሱ ልጅዎ የኔዓለም ገበያ መጥታ ነገረችኝ። አባባ ሸክም የወረደለት ሰው መስሏል አለችኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከተማችን ማርቆስም ደህና ናት። ቀን ጌሾዬን እሸጣለሁ፣ ሲመሽ አነባለሁ።

ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነቡልዎ የንስሐ አባትዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። አባ፣ መስቀልዎን እሳለማለሁ። እባክዎ አንድም ቃል ሳይዘሉ፣ ድምፅዎንም ሳይቀንሱ ያንብቡላቸው።

የላኳቸው ሽማግሌዎች፣ አበረና እንዳላማው፣ ሐሙስ ዕለት ቤቴ መጥተው ነበር። አበረ ገና ከመቀመጡ፣ ጌሾ እየሸጠች ጠላ የሌላት ሴት አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ አሳቀን። እንዳላማው ግን ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ መልእክትዎን አደረሰ። በቁሟ ያለችውን ልጄን ሞተች ብለው ሰው ማስለቀስዎን ለንስሐ አባትዎ ቢነግሯቸው፣ በሕዝብ ፊት የተነገረ ውሸት በሕዝብ ፊት ካልተመለሰ አልፈታዎትም ብለዋል አለኝ። እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜ መዋረዱ ከብዶዎት፣ እኔ ይቅር ብያለሁ የምትል ወረቀት ብጽፍልዎ ነገሩ በዝግታ ያልቃል ብለው አስበዋል።

ወረቀት አልጽፍም አልኳቸው። ልጄ ሰገነት ሞተች ባሉበት ቦታ፣ ያኔ በሰሟቸው ሰዎች ፊት፣ መስቀል ይዘው አለች ይበሉ። ያን ካደረጉ ከእኔ በኩል ሌላ ጥያቄ የለም አልኩ። አበረ ፊቴን ትንሽ አየኝና፣ "እንዲህ ቶሎ እሺ ትያለሽ ብለን አልመጣንም። የምንልሽን ስንማከር ነው ያደርነው" አለ። ሲወጡም ቆመው መረቁኝ።

እሁድ ቃልዎን ጠበቁ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ከዘራዎን ተደግፈው ቆሙ። "የወንድሜ ልጅ ሰገነት አልሞተችም። ያኔ ዋሽቼ አስለቀስኳችሁ። ዛሬ በሕይወት አለች። በዚህ መስቀል እምላለሁ" አሉ፣ መስቀሉንም ሳሙ። ከሴቶቹ መሀል መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ወደ ድምፄ ዞረው ፈገግ አሉ።

ስለማሉላት ልጅ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የት ገባች፣ ምን ትሠራለች፣ ማን አላት ብለው አያውቁም። ሳያውቋት እንዳይቀሩ ላጫውትዎ።

እርስዎ የሚያስታውሱት የመረጡላትን የአማኑኤል ከተማ ነጋዴ አላገባም ብላ በሠርጓ ዋዜማ የጠፋችውን ልጅ ነው። ድግሱ ደርሶ፣ ዘመድ ተጠርቶ ነበር። እምቢ አለች ከማለት ሞተች ማለት ቀለለዎ። በዚያው ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ከደጀን ቁልቁል ሲወርድ አባይ ገደል ገብቶ ስለነበር፣ እሱ ላይ ተሳፍራ ነበር አሉ። ሬሳዋ የት አለ ብሎ የጠየቀዎት ሰው አልነበረም። ድንኳን ተተከለ። ሙሾ አውራጇ ወለተ ኪዳን መጥታ እንዲህ አለች፦

ደጁን ክፈቱላት ትግባ እያለቀሰች፣
ሙሽራ ሳትባል አፈር የለበሰች።

እሪ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ አምኜዎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ወዳጄ መርየም ለቅሶ ደራሽ መስላ ከማርቆስ መጣች። ሱቋ ውስጥ ስልክ ነበራት። ጎኔ ተቀመጠችና ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደሚያለቅስ ሰው እየተንሰቀሰቀች፣ "ደውላለች። መተማ ናት። እማን አትፍሪ በያት ብላለች" አለችኝ በጆሮዬ። ወደ ጓሮ ጠርቼ ስነግርዎ የመለሱልኝን አልረሳሁትም። "የተተከለ ድንኳን በስልክ አይነቀልም። ግቢና አልቅሺ" አሉኝ።

ገባሁና አለቀስኩ። ባሌን ቀብሬ የማድረው በእርስዎ ግቢ፣ የምበላው ከእርስዎ ጎተራ ነበር። በአርባዋ በሬ ጣሉ። ተስካሯን አገሩ ሁሉ በላ። እኔም በላሁ።

ልጅቱ ከሱዳን በስደተኛ ወረቀት አውስትራሊያ ገባች። ሜልቦርን በሚባል ከተማ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ተቀጠረች። እኔ ከግቢዎ ወጥቼ ማርቆስ ከገባሁ በኋላ ደብዳቤዎቿ በመርየም ሱቅ በኩል ይመጡልኝ ጀመር። መጀመሪያ የመርየም ልጅ ጀነት ነበረች የምታነብልኝ። የልጄን ቃል ከሌላ ሰው አፍ መስማት ሲያንገበግበኝ ጊዜ፣ ሰገነት ትታቸው በሄደችው የትምህርት መጻሕፍት ፊደል ቆጠርኩ። እናም የማጫውትዎ ከራሷ እጅ ጽሑፍ ያነበብኩትን ነው።

እዚያ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ጆዲ የምትባል፣ ፀጉሯን በአንድ በኩል የላጨች የአገሩ ልጅ ነበረች። ሰገነት አንሶላ እያጠፈች በደብዳቤ የላኩላትን የወለተ ኪዳንን ሙሾ ስታንጎራጉር፣ ጆዲ የልብሱን በርሜል በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች ትከተላታለች። አንድ ቀን ምንድን ነው የምትዘፍኚው አለቻት። የራሴን ለቅሶ ነው ብላ ነገሩን ከነበሬው አጫወተቻት። ጆዲ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተነሣችና ባንድ እናቋቁም አለች። መኪና የሚጠግኑ ሁለት ወንድማማቾች ጊታር ይዘው ተጨመሩ። ልምምዳቸው ጋራዥ ውስጥ፣ ጎማና የተቃጠለ ዘይት መሀል ነበር። የባንዱንም ስም ተስካር አሉት። ሰገነት በቀይ ቀለም፣ በእኛው ፊደል፣ ከበሮው ላይ ጻፈችው።

የሚጫወቱት ፓንክ የሚሉትን ነው። አባ፣ እርስዎ አይወዱትም። እኔም ጀነት መጀመሪያ በስልኳ ስታሳየኝ ጆሮዬን ይዣለሁ፤ መርየም ደግሞ ልጅሽን ንብ ነድፏት ነው ወይ አለች። ድምፅ ማሳመር አያውቁም። ዘፈኑ ገና ሳይሞቅ ያልቃል። ዘፋኟ ትጮኻለች፣ ሰዉ እየዘለለ ይጋጫል፣ የወደቀውን ያነሣል፣ እንደገና ይጋጫል። ደጋግሜ ሳየው ግን ገባኝ። ለቅሶ ነው። ደረት የሚደቃበት፣ ፊት የሚነጭበት የድሮው ለቅሶ ነው። ንዴቱ ብቻ ይበልጣል።

መጀመሪያ የተጫወቱት አንድ መጠጥ ቤት ነው። ሰካራሞች ጠርሙስ ወረወሩባትና ቅንድቧ ተተረተረ። ደሟን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው። እማ፣ አጎቴን ያየ ሰው ሰካራም አያስፈራውም ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ በአሮጌ መኪና ተጭነው ያን ሰፊ በረሃ ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። የሚያድሩት መኪናው ውስጥ ከከበሮው ጋር ነው። መንገድ ላይ ካንጋሩ ገጭተው መብራቱ ሲረግፍ፣ ታላቅየው ወንድም መሪውን ይዞ፣ ታናሽየው በመስኮት ባትሪ እያበራ ከተማ ገቡ። እዚያም ሲደርሱ ሊሰማቸው የመጣው ሰው ከቤቱ አስተናጋጆች አይበልጥም ነበር። ለእነዚያው ተጫወቱላቸው።

ስማቸውን ያስጠራው አንድ ዘፈን ነው። ጋራዡ ውስጥ ቀዱት፣ የተማሪዎች ሬዲዮ አነሣው፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ለወለተ ኪዳን መልስ ነው፦

አፈሩን አራግፌ ባሕር ተሻገርኩኝ፣
ተስካሬን የበላህ ስማኝ እኔ አለሁኝ።

ይህን ብላ ስታበቃ፣ ተስካሯን የበሉትን ሰዎች በየስማቸው ትጠራለች። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ሕዝቡ ያንኑ ስም እየጮኸ ይዘላል። መጀመሪያ የሚጠራው የእርስዎ ነው፣ አያ። ሜልቦርን ተጠርተዋል። ጃፓን ተጠርተዋል። በርሊን በሚባል ከተማ፣ ፀጉሩን አረንጓዴ የቀባ ሕዝብ አፉ እየተሳሰረ ስምዎን ሲጠራ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ስምዎ ሲጠራ ይወዳሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ያዋጡ ጊዜ እንኳ ከሁሉ በፊት የእኔ ይነበብ ብለው ነበር። ይኸው ከሁሉ በፊት ተነበበ።

መጨረሻ የምትጠራው እኔን ነው። እሱ ላይ ማንም አይዘልም። ሙዚቃው ይቆምና ሕዝቡ ፀጥ ይላል። ስለዚያ ፀጥታ ለእርስዎ የምነግርዎ የለኝም።

አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጠርቷቸው ነበር። ልጅቱ ያገሯን ቀሚስ ትልበስ፣ ጩኸቱ ይቀነስ፣ ዋሽንት ይግባበት፣ ስም መጥራቱም ይቅር አሏቸው። ሰገነት፣ አንድ ጊዜ በቁሜ ተገንዣለሁ፣ ሁለተኛ አልገነዝም ብላ ወጣች። ታናሽየው ወንድም እዚያው ቀረ። ታላቅየው አኮረፈው። ባንዱ ተበተነ፣ እሷም ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ለብዙ ዓመት ስለ ሙዚቃ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። በኋላ ግን ያን ዘፈን በልጅነታቸው የሰሙ ሴቶች አድገው የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ፣ ተስካር ይመለስ እያሉም ወተወቱ። ታናሽየው ታላቁ ደጃፍ ላይ ጊታሩን ታቅፎ ሲጠብቅ ውሎ ታረቁ። የአገሩ ወንድማማቾች ሽማግሌ አይልኩም፣ ራሳቸው ይሄዳሉ። ጃፓንና ጀርመን የዞሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ጉሮሮዋን አመማት። መጀመሪያ ከጩኸቱ ነው አሏት። ከጩኸቱ አልነበረም። አንድ ቀን ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ እንደ ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። "እማ፣ ያ ድንኳን እስካሁን እንደተተከለ ነው። ንቀይልኝ" አለችኝ። ከዚያ በፊትም ብላኝ ታውቃለች። ሁልጊዜም እሺ እላት ነበር።

የመጨረሻ ዝግጅታቸውን ጀነት አሳይታኛለች። ሰገነት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። ሕዝቡ ተክቷት ዘፈነ። አለሁኝ የሚለውን በእኛው ቋንቋ እየጮኹ፣ ጆዲ ከበሮውን ካቆመች በኋላ እንኳ አላቆሙም። ሰገነት ትስቅ ነበር።

ረቡዕ ዕለት መርየም አስጠራችኝ። ጆዲ ስልክ ላይ ነበረች፣ ጀነት ትተረጉምልኛለች። ሰላምታውን ተረጎመችልኝ። የሆስፒታሉን ነገር ጀመረችና መሀል ላይ ዝም አለች። ጆዲ ከዚያ ማዶ ትናገራለች፣ ጀነት ግን መተርጎሙን ትታ ታየኛለች። መርየም ተነሥታ የሱቁን በር ዘጋች።

አያ፣ ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። ረቡዕ ነው። አበረና እንዳላማው የመጡት በማግስቱ ነው።

ፊቴን ታጥቤ ተቀበልኳቸው። መርየምንና ጀነትን እስከ እሁድ እንዳይተነፍሱ ለምኛቸው ነበር። እርስዎ መስቀሉን እስኪስሙ ድረስ ልጄ ያለ ፍትሐት፣ ያለ አንዲት ዘለላ እንባ ቆየች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ የምጠየቅበትም እኔ ነኝ። እርስዎ ሳለች የለችም ብለው ነበር። አሁን ደግሞ ሳትኖር አለች ብለው በመስቀል የማሉበት ተጨመረልዎ። አባ፣ እባክዎ እዚህ ላይ እንዳያቆሙ፣ ትንሽ ነው የቀረው።

ጆዲ ቅዳሜ አዲስ አበባ ትገባለች። ብቻዋን አይደለችም። እሁድ አባይን ተሻግረው በደጀን በኩል ይመጣሉ፣ ገደል ገባች ባሉበት በዚያው በረሃ። በአባቷ ጎን ቦታ ተፈቅዶልኛል። ድንኳን ተከራይቻለሁ። ጆዲ ያን ባለ ቀይ ጽሑፍ ከበሮ ይዛ ትመጣለች። ወለተ ኪዳን አርጅታለችና ሙሾውን የማወርደው እኔ ነኝ። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። ስሞቹንም እጠራለሁ፤ ከራሴ እጀምራለሁ።

እርስዎ ግን አይምጡ። ከዘራዎን ይዘው በር ላይ እንዳይቆሙ፣ በስምዎም ሰው እንዳይልኩ። የእርስዎን ለቅሶ ያኔ ጨርሰዋል።

ዕድሜዎን ያርዝምልዎ። ዓይንዎ ቢደክምም ጆሮዎን ይጠብቅልዎ፤ ቤትዎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም።

የወንድምዎ ሚስት፣
የሰገነት እናት