እጄን ቀድሜ ያነሳሁበት ትሪ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3/2017። ጠ. 1፡20

እኔ 88.6 ኪ.ግ.። ማሃድ 57።

ከሩጫ ስንመለስ፣ በፋርማሲው ሚዛን። መስከረም ላይ እኔ 94 ነበርኩ፣ እሱ 61። ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። የፋርማሲዋ ልጅ ሳቀችበት። ሚዛኔ ለወፍራም ትክክል፣ ለቀጭን ስህተት የሚሆነው እንዴት ነው አለችው። እኔ በራሴ ቁጥር ደስ ብሎኝ ስለ እሱ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሩጫ 40 ደቂቃ፣ በካራማራ መንገድ፣ ንፋሱ ፊት ለፊት። ቁርስ 1 ለሆህ፣ ስሷ የሶማሌ እንጀራ፣ ከ1 እንቁላል ጋር። ድሮ አራት ለሆህ በቅቤና በማር ነበር። ሻይ ያለ ስኳር። ሰዓዳ ስኳሩን በራዱ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት የእኔን ቀድታ ታስቀምጥልኛለች። ሚስት ማለት እሷ ናት።

ከሰ. 8፡30

ምሳ ሩዝ በፍየል። እንደ ሁልጊዜው አራታችን በአንድ ትሪ። መሥሪያ ቤቶቻችን ጎን ለጎን ናቸው፣ የጤና ኳስ ቡድናችንም አንድ ነው። ሙባረክ ካፒቴኑ። አብዲ፣ በር ሲገባ ጎንበስ ስለሚል ዴሬ፣ ረጅሙ፣ የምንለው። ማሃድ የግራ ክንፋችን፣ 33 ዓመቱ፣ ከሁላችን ታናሽ። እኔ መሐል ተከላካይ፣ 51፣ ከሁሉም ታላቅ።

ዘዴዬ ቀላል ነው። ከፊቴ ያለውን ሩዝ በጣቴ ለሁለት እከፍላለሁ። ከመስመሩ ወዲህ ያለው የእኔ ነው፣ ወዲያ አልሻገርም። አልሐምዱሊላህ ብዬ እጄን አነሳለሁ። ዛሬ በሰባት ደቂቃ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው የምቀንሰው ብያቸዋለሁ። እውነቱን የምታውቁት አንተና ሰዓዳ ብቻ ናችሁ፣ ደብተሬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ምሽት 1፡00

ሐኪሟ ጋ ሄድኩ፣ ቀጠሮዬ ሳይደርስ። ልመሰገን ነበር። አልተመሰገንኩም። የወረደው ሁሉ ስብ አይደለም፣ ጡንቻም እያጣህ ነው አለች። ሩጫ ላይ እግርህ አይከብድህም? ይከብደኛል። መራብ አመጋገብ አይደለም አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ግማሽ ሳህን አትክልት፣ መዳፍ የምታክል ሥጋ፣ ጭብጥ የምታክል ሩዝ። ከልምምድ በፊት ሙዝ። እራት አይዘለልም።

በየትኛው ሳህን አልኳት። በራስህ ሳህን አለችኝ። ከመሐል አገር ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። እዚህ ከጓደኞቹ ትሪ ተነስቶ ለብቻው ሳህን የያዘ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። አልተጣላሁም። መታመሜን ደግሞ አልናገርም።

ደሜ ውስጥ ያለው ስኳር ድንበሩ ላይ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ። ኅዳር 27 እንደገና ይታያል። ካልወረደ ኪኒን እጀምራለሁ። ቡድናችን ደግሞ ሕግ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ስኳር ያለበት ጓደኛችን ሜዳ ላይ ወደቀ። ዳነ። ከዚያ ወዲህ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው የሐኪም ወረቀት ካላመጣ አይጫወትም። እሱ ወረቀቱን አላገኘም። አሁን የመስመር ዳኛ ሆኖ ባንዲራ ይዟል። ኅዳር 28 ባቢሌ ሄደን እንጫወታለን። አሥራ አራት ዓመት መሐል ቆሜያለሁ። ባንዲራ መያዝ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ረፋድ 4፡00

ልምምድ። በ25ኛው ደቂቃ ገደማ ማሃድ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። ማንም አልነካውም። ከንፈሩ ነጥቷል። ዞረብኝ አለ።

ዴሬ፦ «ወሪያ፣ ሚስትህ ኤረር ወለደች፣ አንተ ጂጂጋ አራስ ሆንክ?» ተሳቀ። ማሃድም ሳቀ፣ ተቀምጦ። ሚስቱ ለመውለድ እናቷ ጋ የሄደችው መስከረም ላይ ነው። ሴት ልጅ፣ ሦስት ሳምንቷ። እስካሁን በስልክ ብቻ ነው ያያት።

ሙባረክ ቴምርና ውሃ ሰጠው። ቁርስ በልተሃል ወይ? በልቻለሁ። ሙባረክ አላመነውም። ወደ እኔ መጥቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲህ ከሆነ ባቢሌ አልወስደውም፣ እናቱ ፊት ሬሳ ይዤ አልቆምም አለ። ሙባረክ ሲጨነቅ እንዲህ ነው የሚናገረው።

57 ትዝ አለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 8። ከሰ. 11፡00

ማሃድ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል። ፍራሽ፣ ቴርሞስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ። ምድጃው ሚስቱ ከሄደች ወዲህ አልተለኮሰም። ቁርስ ሻይና ዳቦ፣ እራት ሻይና ዳቦ። ምግብ የምለው ምሳ ነው አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። ታዲያ ምሳህን ጠግበህ ብላ አልኩት። ሻይ ቀዳልኝ። ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል። እንግዳ ነኝና ጠጣሁት።

ደግሜ ጠየቅኩት። ዓይኑን ብርጭቆው ላይ አድርጎ፦ «አደር፣» አለ። አጎቴ ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል። «አንተ አልሐምዱሊላህ ካልክ በኋላ እኔ ምን ብዬ ልጉረስ?»

እንደ ወቀሳ አልነበረም። ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደሚናገር ሰው ነው የነገረኝ።

በእግሬ ተመለስኩ። ሙባረክና ዴሬም እኔ ሳነሳ ያነሳሉ። እነሱ ግን ማታ ቤታቸው ይበላሉ። ታላቅ ካነሳ በኋላ ታናሽ እጁን ትሪ ውስጥ አይተውም። ይህን እኔ ነኝ የማላውቀው? ልጆቼን ያስተማርኩት እኔ። ሁለት ወር ሙሉ መስመሬን እያየሁ ጎኔ የተቀመጠውን ሰው እጅ አላየሁም። እኔ 5.4 ቀነስኩ፣ እሱ 4። መቀነስ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ከሰ. 9፡00

አባቴ እንግዳ ሲመጣ ከጠገበ በኋላ እጁን አያነሳም ነበር። አጥንት ያገላብጣል፣ ሩዝ ይሰበስባል፣ ይበትናል፣ ያወራል፣ ሌላው እስኪጠግብ። ሰኞ ጀመርኩት። አጥንቷን ሳገላብጣት ዴሬ አይቶ፣ ምን አጠፋች፣ ተዋት እንጂ አለኝ። ማክሰኞ ስለ ባቢሌ ሜዳ ረጅም ወሬ አወራሁ። ዛሬ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል።

ማሃድ እየበላ ነው። እጄን እያየ ይበላል። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ።

ችግሩ፣ እጄ ከትሪ ወደ አፌ የሚሄደውን መንገድ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ወሬው መሐል ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ አልቆጠርኩም። ሆዴ ሞልቷል። ዛሬ ከሰዓት አንድ ዜና ሦስት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም፣ እንቅልፍ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ረፋድ 4፡30

ማሃድ ልምምዱን ጨረሰ። ሁለት አሻግሮ አንዷን ዴሬ በግንባሩ አገባት። ሙባረክ ቴምሩን ወደ ኪሱ መለሰ፣ ማለት ደስ ብሎታል።

እኔ ከብዶኛል። አንድ ልጅ እግር አጥቂ አልፎኝ ሄደ። ከኋላው ስደርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19። ጠ. 1፡30

90.1። ማሃድ 58.2።

የፋርማሲዋ ልጅ ጣቴን ወጋች። የስኳሩ ቁጥር ከፍ ብሏል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ማሃድ ደጅ እየጠበቀኝ ነበር። ጉልበትህ እንዴት ነው አደር? ደህና ነው።

ምሽት 12፡45

ለሰዓዳ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ትሪው አታውቅም ነበር። ልብስ እያጠፈች ሰማችኝ። «ጉልበቴ ነው ብለህ ዋሸህ፣ ሰውየው ተራበ። አሁን ደግሞ እሱ እንዲጠግብ አንተ ልትታመም። አፍ የለህም?»

አለኝ አልኩ። ታዲያ ተናገርበት አለች። እስከዚያ እራት ጥራው። ጠራሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 22። ምሽት 2፡00

ዓርብ መጣ፣ በላ። ትናንት መጣ። ዛሬ ሰው ቀጥሮኛል አለ። አልቀጠረውም። ሦስተኛ ቀን መምጣት ከበደው። ሰዓዳ የተዘጋጀውን በሳህን ሸፍና፣ ነገ ቢመጣ ብላ አስቀመጠችው።

ምሳ ቤቴ ልብላ ብዬም አሰብኩ። ያኔ ሦስቱም ምን በደልነው ይላሉ። ከቀሩት መንገዶች አንዱ ብቻ ነው ቀጥ ያለው፣ መናገር። እያወቅሁ ዞርኩት። ከማክሰኞ አያልፍም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24። ከሰ. 9፡15

ተናገርኩ።

ትሪው ከመምጣቱ በፊት፣ እጃችንን ታጥበን እንደተቀመጥን። ስኳር አለብኝ፣ ድንበሩ ላይ ነው፣ ከነሐሴ ጀምሮ። ጉልበቴ ደህና ነው። ከዛሬ ጀምሮ በራሴ ሳህን እበላለሁ። ከማንም አልተጣላሁም። አራት ዓረፍተ ነገር። ከልምምድ ውጭ ይህን ያህል ላብ አልቦኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የተናገረው ዴሬ ነው። እኔ እኮ ያቺ አጥንት ምስጢር እንዳላት ጠርጥሬ ነበር አለ። ማሃድ አልሳቀም። ወደ ትሪው ቦታ ዝቅ ብሎ አየ። እጄን ለምን ቶሎ አነሳ እንደነበር የገባው ይመስለኛል፣ እሱ ስለመራቡ ግን አንድም ቃል አላነሳሁም።

ሙባረክ ግን ተቆጣ። ዝግ ብሎ ነው የሚቆጣ። ከነሐሴ? ከነሐሴ። ሦስት ወር ሙሉ እየሮጥክ? አዎ። ያ ሰው ሲወድቅ ራሱን ጭኔ ላይ የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ረሳኸው? አልረሳሁም። እና?

አስተናጋጇ ሳህኑን ስታመጣ እንግዳ አለባችሁ እንዴ አለች። ግማሹን ሰላጣና ጎመን ሞላሁ። ሥጋ በመዳፌ ልክ፣ ሩዝ በጭብጤ ልክ። ትንሽ አይደለም። ከትሪው ላይ ከበፊቱ ግማሽ ድርሻዬ የተሻለ ያጠግባል። ሐኪሟ ልክ ናት። ቀስ ብዬ በላሁ፣ እነሱ ቀድመውኝ እንዲጨርሱ። ከመብላቴ በፊት ለማሃድ፣ ከእንግዲህ በትሪው ላይ ታላቅህ ሙባረክ ነው፣ እሱ ደግሞ ቶሎ አይጠግብም አልኩት። ሙባረክ ቀና ብሎ አላየኝም። ግን ሥጋውን ቆርሶ ወደ ማሃድ በኩል ገፋው። ሁለት ጊዜ።

ትሪው ባዶውን ተመለሰ። መቼ እንዲህ እንደሆነ አላስታውስም።

ሲወጣ ሙባረክ ሕጉን ነገረኝ፣ የማላውቀው ይመስል። ዓርብ የሐኪም ወረቀት። ወረቀት ከሌለ ዴሬ መሐል ይገባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26። ከሰ. 10፡40

89.3። ማሃድ 58.9። ሚዛኑን አላማረረም።

ሦስተኛ ቀን በራሴ ሳህን። ዴሬ «የሆስፒታሉ ምግብ እንዴት ነው?» ይላል። ሰላጣዬን ግን እየቀማ ይበላል። ጠዋት ሙዝ በልቼ ሮጥኩ፣ ዳገቱ ላይ አልቆምኩም። በሦስት ቀን ደም አይለወጥም፣ አውቃለሁ። ወረቀቱን ልታገኘውም ላታገኘውም ትችላለህ ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ግማሹ ራሴ ይሰማል።

ሙባረክ ከማክሰኞ ወዲህ ከሥራ ውጭ አላናገረኝም ነበር። ዛሬ ከምሳ በኋላ ደጁ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ አጠገቡ ነበርኩ። የባቢሌው ካፒቴን ነው። ከጨዋታው በኋላ እነሱ ናቸው የሚጋብዙን፣ ስድስት ትሪ ያዘጋጃሉ።

«አንድ ሳህን ደግሞ ለብቻው፣» አለ ሙባረክ። «አዎ፣ ለብቻው። አይ፣ አልተጣላንም። ስኳር አለበት። አትክልቱን አብዙለት።» ሰማ። «ተጫዋች ይሁን መስመር ዳኛ ነገ ነው የማውቀው። መምጣቱን ግን ይመጣል።»

ስልኩን ዘግቶ አየኝ። ምን ትሰማለህ አለኝ። ምንም አልኩ። አብረን ወደ ቢሮ ሄድን።

ነገ ዓርብ ጠ. 3፡00፣ ደም፣ በባዶ ሆድ። ሐኪሟ ወረቀቱን ትጽፍ አትጽፍ ውጤቱን አይታ ትወስናለች። ሙባረክ ስም ዝርዝሩን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያነባል።