መሪውን ማን ይዞ ነበር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣

የካምባ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን? ጋቢዎን ሳይዙ እንደሄዱ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልዎ ሰው እጅ ጋቢውን ልኬዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ያቺ ልጅ በጭንቀት ከስታለች» ብለው ለሰው እንደሚናገሩ ደርሶኛል። አልከሳሁም። እህል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ማዘጋጃ ቤት ሥራዬንም በሰዓቱ እገባለሁ።

መልእክትዎን አንብቤዋለሁ። ሐሙስ መጋቢት 25 ችሎት ቀርቤ «መኪናው ውስጥ ተኝቼ ነበር፤ ምንም አላየሁም» እንድል አዘዋል። አጎቴ፣ ይህን አልልም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ ሕግ ተምሬ ዲፕሎማ እንድይዝ አዲስ አበባ ድረስ የላኩኝ እርስዎ ነዎት። የምከለክልዎ ነገር ቢኖር ይህ አንድ ብቻ ነው።

የካቲት 28 ቀን ምዕራብ ዓባያ ሙዙ ተጭኖ ሲያልቅ ሹፌርዎ ካሱ ወባው ተነሥቶበት መቆም አቃተው። ክሊኒክ አስተኛነው፤ ግሉኮስ ሲሰካለት ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ነበርን። «ሙዙ ሊበሰብስ አይደል፣ እኔው እነዳዋለሁ» አሉ። የእርስዎ መንጃ ፈቃድ ለትንሽ መኪና እንጂ ለአይሱዙ እንዳልሆነ ስነግርዎ ሳቁብኝ። «ፈቃድ የሚጠይቀው ትራፊኩ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሙቀት ከዛፍ ሥር አይነሣም» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህንንም ለዳኛው እናገራለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ማንጎ ሻጯ ሻሺቱ ማንጎዋን ተሸክማ በመንገዱ ዳር ትሄድ ነበር። ድምፁን ሁለታችንም ሰማን። ማንጎው መስታወቱ ላይ ተበተነ። ፍሬን ረገጡ፤ መኪናው ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከዚያ ማርሽ ቀየሩ። «ይቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ። «ሰዉ ይገድለናል፣ ዝም በይ!» አሉኝ።

እሺ፣ ፈሩ እንበል። ሕጉም ፍርሃትን ያውቃል። መቆም የፈራ ሰው በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «እዚህ ቦታ ሰው ገጭቻለሁ፣ ድረሱላት» ማለት ይችል ነበር። ፖሊስ ጣቢያው በመንገዳችን ላይ ነበር። ባንዲራው ይታየኝ ነበር። በፊት ለፊቱ አልፈን ሄድን።

ሻሺቱን ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓሣ የጫነ መኪና አንሥቶ ሆስፒታል አደረሳት። እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል። ሐኪሙ ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ እግሯ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ነግሮኛል። እግሯን ያጣችው በግጭቱ ብቻ አይደለም፤ እኛ ባለመቆማችንም ነው።

በማግስቱ ካሱን ከአልጋው አስነሥተው «የነዳሁት እኔ ነኝ በል» አሉት። የእሱ ፈቃድ ለጭነት መኪና ስለሆነ መድን እንደሚከፍል፣ ሴትዮዋ እንደምትካስ፣ እሱም በሳምንት ውስጥ እንደሚፈታ ነገሩት። ወባው ገና ያንቀጠቅጠው ነበር፤ እሺ አለ። «ማንን ጎዳሁ? ሁሉም ይጠቀማል» አሉኝ እኔን። ለአንድ ቀን ያህል አምኜዎት ነበር።

አሁን ግን ልንገርዎ። የክሊኒኩ ካርድ ላይ ካሱ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት አልጋ ላይ እንደነበር ተጽፏል። የመድን ድርጅቱ መርማሪ ካርዱን ያየ ዕለት ውሉ ዋጋ ያጣል፤ የሐሰት ቃል ለሰጠ ሰው ድርጅቱ አይከፍልም። ሻሺቱ በመድን በኩል ምንም አታገኝም። ካሱ ሰው ገጭቶ በመሸሽ ይፈረድበታል። እርስዎም አይድኑም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለመኪናውን ማንም ይንዳው ማን ይጠይቀዋል። ውሸትዎ አንድም ሰው አላተረፈም።

ሽማግሌዎችዎም መጥተው ነበር። እሑድ ጠዋት ጋሽ ኤርጫፎ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር እርጥብ ሣር ይዘው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የለመነን ሽማግሌ ረግጦ የሚያልፍ ሰው በጋሞ ምድር እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው የላኳቸው። እኔ ግን ጓሮ ሄጄ ሣር ነቀልሁና እነሱ ፊት ተንበረከክሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ ማን ማንን ሊያስነሣ ነው?» ብለው ሳቁ። «ሰምታችሁኝ ስታበቁ አብረን እንነሣለን» አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ኤርጫፎ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መሪውን ማን ይዞ ነበር?» አሉ። «አጎቴ» አልሁ። ሣራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ እኛ ሣር የምንይዘው ጥፋቱን ላመነ ሰው ነው። ሳያምን ካስያዘን ጎሜ ነው፣ የአባቶችን ሕግ መጣስ ነው፤ ጦሱ በእሱም በእኛም ቤት ይገባል» አሉ። ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ፤ እኔንም አነሡኝ። ሠላሳ ዓመት ከእነሱ ጋር ኖረው ይህን ሳያውቁ መቅረትዎ ገረመኝ። ወጥተው ካመኑ ሻሺቱ ቤት ድረስ ከፊትዎ እንደሚሄዱ ነግረውኛል።

ከሹፌርዎ ጋር ስለምወዳጅ እንደምከስዎ ለእነሱም ለሰፈሩም አውርተዋል። ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈልግብኛል። ያን እስካሉበት ቀን ድረስ በእኔና በካሱ መካከል ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረም። ስሜ ከጠፋ በኋላ «ከጠፋስ» ብዬ ወደታሰረበት ጣቢያ ምሳ አመላልስለት ጀመር። የጾም ወጥ ሲሆን ሚጥሚጣ እንዲበዛለት እንደሚወድ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን አሁን አውቃለሁ። በር ላይ የሚቆመው ፖሊስ «የካሱ ሰው መጣች» ይላል። አላረምሁትም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ያን ዕለት የመኪናውን በር ከፍቼ መዝለል እችል ነበር፤ አልዘለልሁም። ያሳደገኝን ሰው ላለማዋረድ ብዬ፣ እንደምመሰክር እስክነግርዎ ድረስ ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ፤ ካሱ እነዚያን ዘጠኝ ቀኖች በእኔ ፈንታ ታስሯል። ዳኛው ይህን ሲሰሙ የሚሉኝን እቀበላለሁ።

አጎቴ፣ ልጠላዎት ሞክሬ አልቻልሁም። ትምህርት ቤት ስገባ እጄን ይዘው ዳገቱን ያወጡኝ ሰው በዚያች መኪና ውስጥ እንዳልቀረ አምናለሁ። እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናልዎ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ፣ በሰው ፊት ቀና ብለው የሚሄዱበትን ቀን ያሳየኝ።

ችሎቱ በሦስት ሰዓት ይከፈታል። «ማን ነዳ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ የእርስዎ ቢሆን ደስ ይለኛል። ካልሆነ የእኔ ይሆናል። ከካምባ የሚመጣው መኪና ረቡዕ ጠዋት ይነሣል።

ያሳደጓት የእህትዎ ልጅ